አረፋው እስኪወጣ

ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ሐይቅ አውቃለሁ። የማያት በጥቁር አረንጓዴ መስታወት ውስጥ ነው። የሌዘሩ ጨረር ብረቱን በነካበት ቦታ ትወለዳለች፤ ጨረሩ ሲሄድ አብራ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የቀረው ዳርቻ ወዲያው ይረጋና ብረት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሳያት ስለምውል፣ ካሳራኒ ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል የምትመጣብኝ እሷው ነበረች። በሕልሜ ግን ሰፍታ የዝዋይን ሐይቅ ታክላለች። ታንኳ ላይ ሆኜ ቁልቁል አያለሁ። ከሥር አረፋዎች፣ አንዱ አንዱን እየተከተለ፣ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይመጣሉ። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሐይቁ እንደ ቅቤ ይረጋባቸዋል። እኔ ከላይ አንኳኳለሁ። እነሱም ከሥር ያንኳኳሉ።

የዚያን ሰሞን ሥራዬ እነዚያን አረፋዎች ማስወጣት ነበር።

ጊዜው የእኛ ሚሌኒየም ተከብሮ፣ የኬንያ ምርጫ ገና ሳይደርስ ያለው የዝናብ ወቅት ነው። የናይሮቢ ግድግዳ ላይ የእጩዎች ፎቶግራፍ ተለጥፎ ዝናቡ ፊታቸውን ሲያጥብ፣ ሲልጥም ይውላል። እኔ ባሕር ዳር ምሕንድስና ተምሬ፣ ኢንደስትሪያል ኤሪያ ውስጥ ባለው በጋሽ ገብረመድህን የብረት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ጋሽ ገብረመድህን የብረት መቅረጫውን ቶርኖ ሲያዞሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የማዕድን ማውጫ መሣሪያ የሚጠግን ድርጅት ሲዘጋ የሌዘሩን ማሽን ገዝተው በመርከብ አስመጡት። የተበላ ብረት ላይ የብረት ዱቄት እየነፋ፣ ዱቄቱን በጨረር እያቀለጠ፣ አዲስ ቆዳ ያለብሳል። ማሽኑ ከሳጥኑ ሲወጣ ዘመዶቻቸው መጥተው ዞር ዞር ብለው አይተውት፣ «ታዲያ ዳቦ ይጋግራል?» ብለው ጠየቋቸው አሉ። እሳቸውም፣ «ይጋግራል፤ የሚበላው ግን ጥርስ ያለው ብቻ ነው» አሏቸው።

ያን ያህል የተመኩበት ማሽን ግን የጋገረው ዳቦ ቀዳዳ በዛበት። የለበሰው ቆዳ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ በቶርኖ ሲላጭ ከሥሩ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ብቅ ብቅ ይላል። ብረቱ ሲቀልጥ ውስጡ ያለው አየር አረፋ ሆኖ ለመውጣት ይነሳል፤ ሳይወጣ ሐይቋ ትረጋበታለች። እንደ ሕልሜ ማለት ነው። ቀዳዳ ያለው ቆዳ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ከዚያው ይሰነጠቃል።

ይህ ሁሉ የእትዬ አስናቀች የወፍጮ ሻፍት እስኪመጣ ድረስ የእኔ የትምህርት ጥያቄ ብቻ ነበር።

እትዬ አስናቀች ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚፈጩበት ወፍጮ ቤት አላቸው። ወፍጮው ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከሞያሌ በጭነት መኪና ያመጡት አሮጌ የጣሊያን ሥራ ነው። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ወፍጮውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሻፍቱ፣ ድንጋዩን ከሚያቅፈው ሳህን ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የወጣ በመሆኑ ምትክ የለውም። ማሽከርከሪያው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት አንገቱ ሲበላ ጊኮምባ ገበያ ሄደው ሜዳ ላይ ከሚሠሩት ጁአ ካሊ ብረት ሠሪዎች አንዱን አዲስ አስቀረጹ፤ ወር ሳይሞላው ተጣመመ። የድሮውን በተራ ብየዳ አስሞሉት፤ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ እኛ መጡ። እኛም አለበስነው፤ አረፋ አወጣ፤ ገፈፍነው። በየገፈፋው የሻፍቱም ሥጋ አብሮ ይሄዳል።

ጋሽ ገብረመድህን አንገቱን ለክተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«አስናቀች፣ ከእንግዲህ አንዴ ነው» አሉ። «አንዴ እናለብሰዋለን። ካበላሸነው የሚገፈፍ ሥጋ የለውም። ዱላ ነው የሚሆነው።»

«ለዱላውስ ገና ነኝ» አሉ እትዬ አስናቀች። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ገብሬ፣ ይሄ ካልዳነ ወፍጮ ቤቱን ዘግቼ ሞያሌ እህቴ ጋ ነው የምገባው። እሷ ቤት ደግሞ እንግዳ እንጂ ባለቤት አልሆንም።»

ያን ዕለት ወደ ቤት በሚወስደኝ ማታቱ ታክሲ ውስጥ፣ ቲካ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሐይቋ መጣች። ታንኳው ላይ እትዬ አስናቀች ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ሻፍቱን እንደ መቅዘፊያ ይዘውታል። ሐይቁ ውስጥ እንዳይወድቅባቸው እፈራለሁ። የታክሲው ረዳት ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሲቀሰቅሰኝ ካሳራኒን አልፌ ሄጄ ነበር።

የጋሽ ገብረመድህን ልጅ ምርቃት ትባላለች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር ናት፤ ክፍል በማይኖራት ቀን እኛ ጋ ትውላለች። ቤታቸው ፓርክላንድስ ነው። እዚያ አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን ስለ አረፋ የተጻፈ ስንፈልግ ከርመን፣ አንድ ቀን ቻይናዎች የጻፉት አገኘን። ሐይቋ አጠገብ ማግኔት ያስቀምጣሉ።

በማግስቱ ለጋሽ ገብረመድህንና ለእትዬ አስናቀች ላስረዳ ሞከርኩ።

«እትዬ፣ ሽሮ ሲፈላ ካልተማሰለ ምን ይሆናል?»

«ይጓጉላል። ሥሩም ያራል። ይሄን ለማወቅ ነው የተማርከው?»

«ሐይቋም ብትማሰል አረፋው ይወጣ ነበር። ማማሰያ እንዳናስገባ ከምስር አትበልጥም፤ ብናስገባም ይቀልጣል። ማግኔት ግን ሳይነካ ያማስላል። አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ሲቀያይር በቀለጠው ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ሁለቱ ሲገፋፉ ብረቱ ይታመሳል።»

«ዌት፣ ባባ፣ ገባህ?» አለች ምርቃት። «የማይታይ ምዊኮ ነው። ማማሰያ፣ ግን ጎስት የሆነ፣ መንፈስ።»

«እሱን ቃል አታንሺ!» አሉ እትዬ አስናቀች አማትበው። «የኔ ሻፍት አጠገብ ጎስት አይደርስም።»

ጋሽ ገብረመድህን ሳቁ፤ ነገር ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። «ሻፍቱን አትነካም» አሉኝ። «መጀመሪያ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ሞክር። ቁርጥራጩ ደጋግሞ ንጹሕ ሲሆን፣ ያኔ ሻፍቱ ይመጣል።»

መጀመሪያ ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ያወጣነውን ቋሚ ማግኔት ሞከርን። እሱ ሐይቋን አረጋጋት እንጂ አላማሰላትም፤ አረፋዎቹ ተኝተው ቀሩ። ከዚያ ምርቃት ፍሪጅ ከሚጠግኑ ሰዎች ቀጭን የመዳብ ቱቦ አምጥታ እንደ እባብ ጠምጥማ ኮይል አደረገችው። የድሮ ብየዳ ማሽን ትራንስፎርመር ላይ አገናኘነው። ቱቦው በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ እንዳይቀልጥ በውስጡ ውሃ ይዞራል፤ ውሃው ከአንዲት ሰማያዊ በርሜል ተነስቶ፣ በኮይሉ አልፎ፣ ተመልሶ እዚያው በርሜል ይገባል።

የመጀመሪያውን ቀን የረሳነው ነገር ዱቄቱ ራሱ ብረት መሆኑን ነው። ኮይሉን ስንከፍት የተነፋው ዱቄት ሁሉ ወደ ሐይቋ መሄዱን ትቶ የሙከራው ብረት ዙሪያ ቆመ። ዘለለ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ፀጉር ሆነ።

«አሜን! ጢም አበቀለ!» ብላ ጮኸች ምርቃት።

«ካህን ሊሆን ነው» አሉ አባቷ።

እትዬ አስናቀች ግን አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ የነበረ አንድ ሚስማር በቂጡ ቆሞ ሲንዘፈዘፍ እያዩ ነበር። ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። እኔ ያን አይቼ በጊዜው ምንም አላሰብኩም።

ማግኔት የማይስበው የኒኬል ቅልቅል ዱቄት እስክናገኝ ትንሽ ቆየን። ከመጣ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ኮይሉ ተከፍቶ በመስታወቱ ሳይ ሐይቋ እንደ ድሮዋ አይደለችም። ዳር ዳሯ ይሽከረከራል፤ መካከሏ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ የተኛ ሰው ሲገላበጥ ዓይነት። ከውስጧ ነጭ ነጥብ ይነሳል፤ ይደርሳል፤ ብን ይላል። ቁርጥራጩን ቆርጠን፣ አለስልሰን፣ በአጉሊ መነጽር ስናየው ቀዳዳው እንደ ሰማይ ከዋክብት የነበረው ቆዳ ደመና የሌለው ቀን መስሏል። ልገልጸው የማልችለው ደስታ ተሰማኝ፤ ማንም ሰው እንዳይቀሰቅሰኝ የምፈራው ዓይነት።

ቅዳሜ ሲመጣ አረፋው ተመለሰ።

ሰኞ ጠፋ። ረቡዕም የለም። ቅዳሜ እንደገና መጣ።

«ስቲማው ነው» አለች ምርቃት። «ቅዳሜ ፋብሪካዎቹ ግማሽ ቀን ስለሚሠሩ ኤሌክትሪኩ ይዋዥቃል።»

«ዝናቡ ነው» አልኩ እኔ። ዱቄቱ አንዳንዴ በሚነፋበት ቱቦ ውስጥ ይጓጉል ስለነበር እርጥበት ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ሌላውም ቀን ይዘንባል።

«ሁለታችሁም አላወቃችሁም» አሉ ጋሽ ገብረመድህን። «ብረቱ ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራል። ሥራ አልሠራም ነው የሚላችሁ።»

ሳቅን። ሻፍቱ ግን መደርደሪያው ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደተኛ ነው። እትዬ አስናቀች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። የተቆላ ሽምብራ በላስቲክ ይዘው፣ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ሻፍቱን ይዳስሱታል፤ እንደታመመ ሰው። ከዚያ በመደርደሪያው ሥር ባለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። «ዛሬስ?» ይላሉ። «ዛሬም አልሆነም» ስላቸው ይከፋቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ «ግድ የለም፤ እየበረታን ነው» ይሉኛል። ለምን «እየበረታን» እንደሚሉ አይገባኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ የሆነውን አሁንም ሳስበው በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ ጨላልሟል። ጨረሩን ከመክፈቴ በፊት መስታወቱ ፊት ተጎንብሻለሁ። ብርሃን ከሌለ ያ ጥቁር አረንጓዴ መስታወት ከፊቱ ያለውን አያሳይም፤ ከኋላ ያለውን ነው የሚያሳየው። አረንጓዴ ክፍል አየሁ። አረንጓዴ መደርደሪያ። አረንጓዴ ነጠላ የለበሱ ሴት ከዱካቸው ተነሱ። ለዕለቱ የምንሠራበትን ዱቄት ከትልቁ ዕቃ ገልብጠን የምናስቀምጥባት የወተት ቆርቆሮ እዚያ ነበረች። ሴትዮዋ ከጉያቸው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በቆርቆሮዋ ላይ ጣል፣ ጣል፣ ጣል አደረጉ፤ በሥላሴ ስም። ጠርሙሱ ተመለሰ። ሴትዮዋ ተቀመጡ። ቆርቆሮዋን ቀና ብዬ ሳልመረምር ጨረሩን ከፈትኩት፤ ክፍሉ ሁሉ ጠፍቶ ሐይቋ ብቻ ቀረች።

ቁርጥራጩ እንደ ወንፊት ሆኖ ወጣ።

ሰውን ከመጠርጠር በፊት ራስን መጠርጠር ይሻላል። እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቼ ነበር፤ ያየሁት ሕልም ሊሆን ይችላል። ለማንም ሳልናገር ለምርቃት ብቻ፣ «ዱቄቱን እናድርቀው» አልኳት። በትሪ አድርጋ ቤቷ ወስዳ በእናቷ ኦቨን ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ስትመጣ ሳቋ አልቆመም።

«ማሚ ከፍታ አየችውና፣ ‹ይሄ ዳቦ ለምን አልነፋም?› አለችኝ። እርሾ ረሳን አልኳት።»

የደረቀውን ዱቄት ለሁለት ከፈልነው። በአንዱ እንዳለ ሠራን፤ ንጹሕ ወጣ። በሌላው ላይ የቧንቧ ውሃ በጣቴ ጣል፣ ጣል፣ ጣል አደረግሁበት። የቅዳሜው ወንፊት መጣ። ውሃው በዚያ ሙቀት ይበተናል፤ ጋዙ በየቦታው አረፋ ይሆናል። ማግኔቱ አቅሙን ሁሉ ተጠቅሞ ያማስላል፤ ግን ከሚያስወጣው የሚገባው ሲበዛ ምን ያድርግ? ምዊኮው ጥፋት የለበትም። ዝናቡም የለበትም። ስቲማውንም በከንቱ አማነው።

ምርቃት ቁርጥራጩንና እኔን ተራ በተራ አየች። «ማን ነው?» አለች። ስነግራት ሳቋ ጠፋ። «ኦ ኖ። ፖሌ ሳና፣ አዝናለሁ። እንዴት ነው የምትነግራቸው?»

እሱን ነበር የማላውቀው። ዝም ብዬ ቆርቆሮዋን ብሸሽግ ይበቃ ነበር፤ ክዳን ማድረግ ቀላል ነው። ግን የሻፍቱ ዕለት ሴትዮዋ ምን ያህል እንደሚፈሩ አስባለሁ። መንገድ ካጡ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ሻፍቱ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው። ደግሞም ሰው ለራሱ ጉሮሮ የሚያደርገውን ጸሎት ከኋላው ሆኖ መስረቅ አስጠላኝ።

ኢስትሊ ወረድኩ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከአንድ የሶማሌ ጨርቅ መሸጫና ከአንድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት መካከል በምትገባዋ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ወፍጮ ቤቱን አገኘሁት። ወፍጮው ሻፍቱ ወጥቶለት አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከቆመ ስንት ጊዜው ቢሆንም ግድግዳው በርበሬ እንደጠጣ ነው፤ ገና ስገባ አስነጠሰኝ።

«ይማርህ» አሉ እትዬ አስናቀች። «ባዶ ቤት መጥተህ አስነጠስክ። ደግ ነው።»

በርጩማ ሰጡኝ። ሻይ ካልጠጣህ ብለው ከጎረቤት አስመጡልኝ። ብርጭቆውን እያዞርኩ ቆየሁ።

«እትዬ፣ ጠበሉን አይቻለሁ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ።

«በየት በኩል?»

«በመስታወቱ።»

«ታዲያ ክፉ አደረግሁ?»

«በክፉ ልብ እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አረፋ የሚያመጣው እሱ ነው። ዱቄቱ እርጥብ ሲሆን ውሃው በሙቀቱ ይፈነዳል።»

«ጠበልም ቢሆን?»

እዚህ ላይ አሰብኩ። ልዋሻቸው አልፈለግሁም፤ የማላውቀውንም ላውቅላቸው አልፈለግሁም። «ጠበልም ቢሆን ውሃነቱን አልተወም፣ እትዬ።»

ከመተላለፊያው የማታቱ ክላክስ ይሰማል።

«ውሃነቱን ካልተወማ ይፈላል» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እኔ እኮ እየበረታን ነው እያልኩ ነበር። ጠላት የሚታገለኝ መስሎኝ። በየሳምንቱ ጠብታ ስጨምር…» ቀና ብለው አዩኝ። «ያን ሚስማር አይተኸዋል? ማንም ሳይነካው ተነስቶ ሲቆም? አንተ ማግኔት ነው አልክ። እሺ፣ ስሙን ነገርከኝ። የማላየው ነገር የኔን ሻፍት ሲያናውጥ እኔ ሽምብራ እየቆረጠምኩ ልቀመጥ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። እውነታቸውን ነበር። ያ ሚስማር እኔንም መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አስደንግጦኛል፤ እኔ ስሙን ስላወቅሁ ድንጋጤውን ረስቼዋለሁ እንጂ።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ነው። አስቤ የሄድኩበት አልነበረም።

«ጠበሉ አይቅር፣ እትዬ። ቦታው ነው የተሳሳተው። ያቺን ሰማያዊ በርሜል ያውቋታል? ኮይሉ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ከእሷ ነው። ያ ውሃ ለአፍታ ቢቆም መዳቡ ይቃጠላል፤ ማግኔቱ ይጠፋል፤ ማማሰያው የለም ማለት ነው። ጠበሉን እዚያ ይጨምሩት። ቀለበቱን እየዞረ ሻፍቱን ይከበዋል፤ ብረቱን ግን አይነካም።»

ጠረጠሩኝ። «እኔን ለማስደሰት ነው?»

«ውሃ እንደሁ ያስፈልገናል። ከየት እንደሚመጣ የመረጡት እርስዎ ይሁኑ።»

«ከዚያስ?» አሉ። «ሥራው ሲያልቅ የት ይደፋል? ጠበል ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም።»

ስለ ብረት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ይህን ግን ያሰበ አላገኘሁም። «ግቢው ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ አለ» አልኩ። «ሥሩ በሽቦ ታጥሯል። ማንም አይረግጠውም።»

«አጥሩን አያለሁ» አሉ።

መጥተውም አዩት። ጋሽ ገብረመድህን ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ «ስንት ቅዳሜ!» አሉ። ቆይተው ግን የሽቦውን አጥር ላላ ያለበትን በጉጠት ሲያጠብቁ አየኋቸው።

የሻፍቱ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዱቄቱ ደርቆ፣ ክዳን ተደርጎበታል። እትዬ አስናቀች በርሜሏ ላይ ቆመው ጠርሙሱን እስከ ጠብታው አንጠፈጠፉት፤ ዱካቸውንም ከመደርደሪያው ሥር አንስተው በሩ አጠገብ፣ ከሁላችን ራቅ አድርገው አኖሩት። ጋሽ ገብረመድህን ሻፍቱን ማዞሪያው ላይ አስረው ቀስ ብሎ እንዲዞር አደረጉ። ምርቃት እጇን ውሃው ከኮይሉ በሚመለስበት ቱቦ ላይ አድርጋ የውሃውን ሙቀት ትከታተላለች።

«ሞቅ አለ» አለች። «ግን ሳዋ፣ ደህና ነው። ቀጥል።»

ጨረሩን ከፈትኩ። ሐይቋ መጣች። ሻፍቱ ሲዞር እሷ ባለችበት የቆመች፣ ዓለሙ ሁሉ ከሥሯ የሚያልፍ ይመስላል። ታንኳዬ ላይ ነበርኩ። ከሥር ተነሱ፤ አንዱ፣ ሌላው። እንደ ሁልጊዜው ሊረጋባቸው ነው ብዬ እጄን ለማንኳኳት አነሳሁ ማለት ይቻላል። ሐይቋ ግን ተገላበጠች። አረፋው ከነዳርቻው ወደ ላይ ተወሰደ፤ ብን አለ። ሌላውም ብን አለ። ምንም ድምፅ አልነበረውም። አንገቱን ከዳር እስከ ዳር እስክንጨርስ ድረስ ማንም ያስነጠሰ እንኳ የለም። መጨረሻው ላይ መብራቱ አንዴ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ምርቃት ተንፍሳ፣ «ስቲማ!» አለች፤ ሌላ ነገር አልሆነም።

ሻፍቱ ቀዝቅዞ ጋሽ ገብረመድህን በቶርኖ አለሰለሱት። አሁን የቀረው ፍርዱ ነው። ቀይ ቀለም ትቀባለህ፤ ቀለሙ ቀዳዳ ካለ ይገባል። ላዩን ጠርገህ ነጭ ዱቄት ትነፋለህ፤ የገባው ቀለም በነጩ ላይ እንደ ደም ነጥብ ተመልሶ ይወጣል። ነጩን ነፋሁ። አራታችንም ጎንበስ አልን። ጭንቅላታችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

ነጭ ነበር። ነጭ ሆኖ ቆየ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ እንደ ታጠበ ነጠላ ነው። ከዚያ፣ ከኩሽኔታው ቦታ ውጭ፣ ጫፉ ላይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ቀስ ብላ ወጣች።

«አንዲት አለች» አልኩ። አይተዋታል፤ ግን መናገር የኔ ድርሻ ነበር።

እትዬ አስናቀች ወደ ነጥቧ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «ትጎዳዋለች?»

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ጋሽ ገብረመድህንን አየሁ። በመለኪያ ካሊፐራቸው ጫፍ ነጥቧን ዞር ዞር ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያ ላይ ምንም የሚያርፍበት የለም» አሉ። «ወፍጮው ሲዞር እሷ ቁጭ ብላ ታያለች።»

«መብራቱ ደብዘዝ ያለ ጊዜ ናት» አለች ምርቃት። «ኮይሉ ለአፍታ ደክሞ።»

«አይደለችም» አሉ እትዬ አስናቀች። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ። «እሷ የኔ ናት። ከቀድሞው ጠብታ የተረፈች ናት። ተዉልኝ።»

ማናቸው ልክ እንደሆኑ አላውቅም፤ ላውቅም አልሞከርኩም። በርሜሏን ከምርቃት ጋር ተሸክመን አቮካዶው ሥር ደፋናት። ውሃው ገና ለብ ያለ ነበር። ከሣሩ ላይ ትንሽ እንፋሎት ተነስቶ ጠፋ።

ወፍጮው በተገጠመ ሳምንት ኢስትሊ ሄድኩ። ከመተላለፊያው መግቢያ ጀምሮ ይሰማ ነበር፤ የተሰነጠቀ ነገር የሌለበት፣ ወጥ የሆነ ድምፅ። ሴቶች ላስቲካቸውንና ማዳበሪያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ፤ ማንም ማንንም አይሰማም። እትዬ አስናቀች ፊታቸው በርበሬ ለብሶ ቀይ ሆኗል። ሲያዩኝ በጩኸቱ ውስጥ መናገር ስላልቻሉ እጄን ይዘው የኩሽኔታው ቤት ላይ አስቀመጡልኝ።

አልሞቀም። አይንቀጠቀጥም። ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ዝም ብሎ ይዞራል፤ ድንጋጤ የሌለው፣ የሚያንኳኳ የሌለበት። ዓይኔን ከደንኩ። ሐይቋ እስክትመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣችም። አስነጠሰኝ።

«ይማርህ!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ።